አጭሩ፣ መካከለኛው ወይስ ሙሉው

እሠራበት የነበረው ክሊኒክ ከተዘጋ ወዲህ ቱነይድባ ካምፕ ውስጥ ለስደተኛ ልጆች ሳይንስ አስተምራለሁ። ሥራው ከበፊቱ ይቀለኛል። ልጆች ስለ ቅጠልና ስለ ዝናብ ይጠይቃሉ፤ መልሱም መጽሐፉ ላይ አለ። ትልልቆቹ ግን የድሮ ሥራዬን አልረሱትም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሻይ የምትሸጠው ሴት ብርጭቆዬን ካቀበለችኝ በኋላ ጣቶቿን ጉንጮቿ ላይ ታሳርፍና ወደ ጆሮዋ ትስባቸዋለች።

«ሲስተር፣ እንዲህ ለመሆን ስንት ቀን መተኛት ነው?»

«እንዲህማ አይኮንም።»

«ለምን አይኮንም?»

«ጣትሽ የሚስበው ወደ ኋላ ነው። ሐኪም የሚያነሣው ወደ ላይ ነው።»

«ወደ ላይም አውቅበታለሁ» ትልና ዓይኖቿ እስኪጠቡ ድረስ ትስበዋለች።

«አሁንስ ባልሽም አያውቅሽ» ይላታል አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዱ፤ ሁሉም ይስቃሉ።

እኔ እንዲህ ባለ ቦታ ብዙ መናገር አይሆንልኝም። ጥያቄው ግን የምር ጥያቄ ስለሆነ፣ ሻይ ላይ የማልጨርሰውን እዚህ ልጨርሰው። እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ በዕድሜ የወረደ ፊት በቀዶ ጥገና የሚያነሡ ሐኪም ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰው ይህን ቀዶ ጥገና አንድ ዓይነት ብቻ አድርጎ ያስበዋል። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ከመቁረጡና ከመስፋቱ ይልቅ የሚያደክመንም የትኛው ለየትኛዋ ሴት እንደሚሆን መምረጡ ነበር።

የተወለድኩት ገዳሪፍ ነው። ወላጆቼ በረሃቡ ዘመን ከጎንደር በኩል መተማን ተሻግረው መጡና እዚያው ቀሩ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ዐረብኛ እያወራሁ አደግኩ፤ ትግርኛም የጎረቤት ያህል እሰማለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነርሲንግ ተምሬ ስጨርስ መጀመሪያ የተመደብኩት ዶካ ጤና ጣቢያ ነበር። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ በማጭድ የተቆረጠ ጣት እንሰፋለን፣ አጨዳው ሲያልፍ ወባ እንመረምራለን። የጣቢያው ኃላፊ ደግ ሰው ነበሩ፤ ድምፄ ከበሩ ስለማያልፍ ግን ተራ እንድጠራ አንድ ቀን እንኳ ልከውኝ አያውቁም። ደመወዙ አንዳንድ ወር ይመጣል፣ አንዳንድ ወር ይረሳል።

ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ገዳሪፍ በአንድ ጊዜ በሰው ሞላች። ትምህርት ቤቱም የእህል መጋዘኑም ማደሪያ ሆነ። ከመጡት አንዷ ዶክተር ኢህሳን ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና የሠሩ፣ ጠና ያሉ ሱዳናዊት። መሣሪያዎቻቸውን የሱዳን ሴቶች በሚከናነቡት ቶባቸው ጠቅልለው፣ አውቶቡስ ውስጥ እግራቸው ሥር አድርገው ነው ያወጧቸው። ከእህል ገበያው ጀርባ ያለ ትንሽ የግል ክሊኒክ ሁለት ክፍል ለቀቀላቸው።

አብዛኛው ሥራ ቃጠሎና የጦርነት ጠባሳ ነበር። ፊት ለማስነሣት የሚመጡት ጥቂት ናቸው፤ የሰሊጥ ነጋዴ ሚስቶች፣ ከካርቱም የተፈናቀሉ እመቤቶች፣ ዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ የእኛ ሴቶች። የነሱ ክፍያ ለተቃጠሉት ልጆች ፋሻና መድኃኒት ይሆናል። አማርኛ የሚያውቅ ነርስ ሲፈለግ አንድ ሰው የኔን ስም ሰጣቸው። ዶክተሯ ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ።

«ብዙ አታወራም አሉኝ» አሉ በዐረብኛ።

«አዎ።»

«እንድታወሪ ሊያደርጉሽ ሞክረዋል?»

«ሞክረዋል።»

«ኸላስ፣ ካልተሳካላቸው እኔ አልሞክርም። እዚህ የሚያወሩት ሴቶቹ ናቸው።»

እውነትም ያወሩ ነበር። እኔ ዝም ስል እነሱ ዝምታውን የሚሞላ ነገር ይፈልጋሉ፤ ከዶክተሯ የደበቁትን ለኔ ይነግሩኛል። ከወለዱ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው፣ ምን መድኃኒት እንደሚውጡ፣ ባላቸው የማያውቀው መሆኑን። እኔም ወደ ዐረብኛ እመልሰዋለሁ።

የዶክተር ኢህሳን አሠራር ቀስ እያለ ነው የገባኝ። የሴትየዋን ወንበር ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ያዞሩታል፤ በኤሌክትሪክ መብራት ፊት አይመረምሩም። ከዚያ መስታወት ጉልበቷ ላይ ያስቀምጡና አጎንብሳ እንድታይ ይጠይቃሉ። ሰው አጎንብሶ ራሱን ሲያይ ጉንጩ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚወርድ ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። ቀጥሎ በጀርባዋ ያስተኟትና መስታወቱን ከላይ ይይዙላታል፤ ያኔ ፊቷ ወደ ጆሮዋ ይሸሻል። «እኔ የምችለው በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ነው» ይላሉ። በእስክሪብቶ ምልክት የሚያደርጉት ግን ሴትየዋ ቀጥ ብላ በተቀመጠችበት ብቻ ነው፤ በተኛ ሰው ላይ ያሰመረ ሐኪም ሌላ ሰው ላይ እንዳሰመረ ነው ብለው ያምናሉ።

የጆሮ ቀዳዳዋን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። ጆሮዋ በተበሳበት ቦታ ያበጠ ጠባሳ ካገኙ ምንም ቢሰጧቸው አይቆርጡም፤ እንደኛ ያለ ቆዳ አንዳንዱ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ማበጡን አያቆምም። ከዚያ ተነሥተው ከኋላዋ ይዞራሉ። ከጆሮ ጀርባ ያለውን፣ ማጅራቷን፣ ጸጉሯ የሚጀምርበትን ረጋ ብለው ያያሉ። የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት ጸጉሯን በገዛ እጃቸው ያጥቡታል። አንድ ጊዜ እኔ ልጠብላቸው አልኩ። «ጭንቅላቷን ሳላጥበው አላውቀውም» ብለው መለሱልኝ።

ለሁሉም የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ «የሚያይሽ ማን ነው?» ከሩቅ የምትታይ ሴትና ከቅርብ የምትታይ ሴት አንድ ዓይነት ቀዶ ጥገና አያስፈልጋቸውም ይሉ ነበር። ቶብ የምትከናነብ ሴት ከጆሮዋ ኋላ ያለ ጠባሳ አያሳስባትም፤ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ገላልጣ የምትሄደው ግን ያሳስባታል።

ዓይነቶቹን በኛ ክሊኒክ ሦስት አድርገን ነበር የምናስረዳው። አጭሩ ከጆሮ ፊት ለፊት ብቻ የሚቆረጥ ነው፤ ከቆዳው ሥር ያለው ሽፋን በክር ትንሽ ወደ ላይ ይያዛል። መንጋጋዋ ላይ ገና መውረድ ለጀመረባት ሴት ይበቃታል፤ አንገትን ግን አይነካም። መካከለኛው የጆሮን ጫፍ ዞሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያ የውስጥ ሽፋን ታጥፎ ይሰፋና ቆዳው ሳይወጠር እላዩ ላይ ይመለሳል። ዶክተር ኢህሳን እዚህ ላይ ሁልጊዜ ጣታቸውን ያነሣሉ፤ «ቆዳ አልጎትትም። የሚነሣው ሥሩ ነው።» ቆዳ ብቻ የሚጎትቱ ሐኪሞች የሠሩት ፊት ነፋስ የሚመታው ይመስላል፣ ሳይቆይም ይወርዳል። ሙሉው ደግሞ ጠልቆ ይሄዳል። ሽፋኑ ከአጥንት ጋር የተያያዘበት ቦታ ይለቀቅና ጉንጩ በሙሉ ከነቆዳው ይነሣል፤ ከአገጭ ሥር የአንገቱ ጡንቻ ይሰፋል፣ የአንገቱም ቆዳ ይስተካከላል። ውጤቱ ከሁሉም ይቆያል። የፊት ነርቭ ግን እዚያው አጠገብ ነው የሚያልፈው፤ መብራት በሚጠፋበትና ጀነሬተር በሚያስልበት ከተማ ዶክተሯ ለብዙ ሰው አይመክሩትም ነበር።

ሴቶቹ የራሳቸው መለያ ነበራቸው። አጭሩ «ጥርስ ነቅዬ ነው» የሚባልበት ነው፤ መካከለኛው «ወባ ጥሎኝ ነበር»፤ ሙሉው «ለሕክምና ካይሮ ሄጄ ነበር»። ከሰው ዓይን ምን ያህል መሰወር እንደሚያስፈልግ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጌ ላስረዳ አልችልም።

እትዬ አንጓች የመጣችው ሥራው በደንብ በገባኝ ጊዜ ነው። ገበያው ውስጥ የቅመም ሱቅ አላት፤ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ። ልጅ ሆና ከጎንደር በኩል የመጣች፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ነች። ገና ስትቀመጥ «እርስዎ» አልኳት።

«አንቱ አትበይኝ» አለች። «አንቱ የሚሉኝን ለመቀነስ ነው እኮ የመጣሁት።»

ዶክተር ኢህሳን ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙረው ምን እንዳመጣት ጠየቋት። እኔ ተረጎምኩላት።

«ባሌ ሞቶብኝ ነበር» አለች። «ሐዘኔን ተቀመጥኩ፣ ጥቁሬን ለበስኩ፣ ጊዜው ሲደርስ አወለቅኩ። ፊቴ ግን አላወለቀም። ደንበኛ በርበሬ ውድ ነው ብሎ ሊከራከረኝ ይመጣል፤ ፊቴን ሲያይ ‹አይዞሽ እትዬ› ብሎ የጠራሁትን ከፍሎ ይሄዳል።»

ዶክተሯ ስተረጉምላቸው ፈገግ አሉ። «ታዲያ አትርፈሻል በያት።»

«አተርፋለሁ» አለች እትዬ አንጓች። «ግን ያ ገበያ አይደለም። ምጽዋት ነው። እኔ ስከራከር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሰው እንዲከራከረኝ ነው የምፈልገው።»

«የሚያይሽ ማን ነው?»

«ገበያው ሁሉ። ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ።»

ነጠላዋን ከአንገቷ ስታወርድ ንቅሳቷ ታየ። ከአገጯ በታች አንገቷን የሚዞሩ ሦስት መስመሮች ናቸው፤ የኛ አገር ሴቶች በልጅነታቸው በመርፌና በጥላሸት የሚነቀሱት። ከፊት በኩል ወደ ታች ወርደዋል። ዶክተር ኢህሳን ካርቱም ውስጥ እንዲህ ያለ አንገት ብዙ አላዩም ነበር፤ ወንበራቸውን አስጠግተው መስመሮቹን በጣታቸው ተከተሉ።

መጀመሪያ መካከለኛውን መከሩ። ፊቷ ላይ ሐዘን የሚመስለው ከአፏ ጠርዝ ወደ መንጋጋዋ የወረደው ነው፤ እሱን መካከለኛው ይመልሰዋል።

«አንገቴስ?»

«ጥቂት ይሻለዋል። ብዙ አይደለም።»

«ፊቴ ወይዘሮ፣ አንገቴ ባልቴት ሊሆን?» አለች። «አይሆንም። ከተቆረጥኩ አይቀር ሙሉውን።»

ዶክተሯ በዚያ ቀን አልወሰኑም። እንድታስብበት ላኳት፤ እሳቸውም አሰቡበት። ተመልሳ ስትመጣ ሙሉውን ለመሥራት ተስማሙ። ያስማማቸው ንቅሳቱ ነበር። አንገት ምን ያህል እንደወረደ ማወቅ ለሐኪም ከባድ ነው፤ የጥንቱ ፎቶግራፍ ከሌለ በግምት ነው የሚሠራው፣ እትዬ አንጓች ደግሞ የልጅነት ፎቶግራፍ አልነበራትም። ዶክተር ኢህሳን መስመሮቹ መጀመሪያ ሲነቀሱ ቀጥ ብለው አንገቷን የዞሩ ናቸው ብለው አሰቡ። ዛሬ ከፊት የወረዱት ዕድሜ ስላወረዳቸው ነው፤ ቀጥ እስኪሉ ድረስ ብናነሣቸው አንገቷ ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ነው። በእስክሪብቶ አዲሱን ቦታ አሰመሩና ራቅ ብለው አዩት። እኔም አየሁት። ትክክል መሰለኝ።

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር። የፊቷ ክፍል እንደታሰበው ሄደ፤ ዶክተሯ ነርቩ የሚያልፍበት ጋ ሲደርሱ እጃቸው ይዘገያል፣ ትንፋሻቸውም አብሮ ይዘገያል። አንገቷ ላይ ሲደርሱ መስመሮቹን እያዩ ቆዳውን ወደ ጆሮ ጀርባ ሳቡት፤ ገና ቀጥ አላሉም፤ ደግመው ሳቡት። ቆዳ አልጎትትም የሚሉት ሴት በዚያ ቀን ንቅሳቱ ቀጥ እስኪል ጎተቱ። የተረፈውን ቆርጠው ሰፉ።

በማግሥቱ ነርቩን ለማየት «ጥርስሽን አሳዪኝ በያት» አሉኝ።

«ጥርስሽን አሳዪን፣ እትዬ።»

«ምን የሚያስቅ ነገር አለ?» አለች ከፋሻዋ ውስጥ፤ ስትናገር የአፏ ሁለቱም ጠርዝ እኩል ተንቀሳቀሰ። ዶክተሯ «ሐምዱሊላህ» ብለው ተቀመጡ።

ፊቷ አማረ። እብጠቱ ሲወርድ መንጋጋዋ ጠርቶ ወጣ፤ ያ ወደ ታች የሚጎትታት ነገር ከአፏ ጠርዝ ጠፋ። የደስታ ወሬያችን ግን ብዙ አልቆየም። ከጆሮዋ ጀርባ፣ በተለይ በግራ በኩል፣ ቆዳው ጠቆረ። የተወጠረ ቆዳ ደም ሲያጣ የሚሆነው ነው፤ በመጽሐፍ አውቀዋለሁ፣ በዓይኔ ያየሁት ግን ያኔ ነው። የጠቆረው ሞተ፣ የሞተው ተላጠ፣ ቁስሉ ተከፈተ። ዶክተር ኢህሳን በየቀኑ ራሳቸው ያጥቡት ነበር፤ ለኔ አልለቀቁልኝም። ሲድን ሰፊ፣ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ተወ። አንገቷም ቀና አይልም፤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ለማየት ከወገቧ ወደ ኋላ መለጠጥ አለባት።

ምክንያቱ አልገባቸውም ነበር። ከሚገባው በላይ እንደቆረጡ ቁስሉ ይነግራቸዋል፤ መስመሮቹ ደግሞ ልክ ነሽ ይላሉ። ያ እንቆቅልሽ የተፈታው እትዬ አንጓች ክርስትና ቤት ልትሄድ ለብሳ ቁስሉን ልታሳይ በመጣች ቀን ነው። አንገቷ ላይ ድሪ አድርጋለች፤ የብር የአንገት ጌጥ፣ ከእናቷ የወረሰችው። ድሪው እንደማንኛውም የአንገት ጌጥ ከፊት ወደ ደረቷ ተንጠልጥሏል። ከበላዩ ሦስቱ መስመሮች እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ቀጥ ብለው አንገቷን አንቀዋል።

«ይኼውልሽ» አለችኝ ድሪውን ከፍ አድርጋ። «አልገጥም አለኝ።»

«ከምን ጋር?»

«ከንቅሳቴ ጋር። አክስቴ ስትነቅሰኝ ይህንኑ ድሪ አስራልኝ፣ በእሱ ልክ እያወረደች ነው የነቀሰችኝ። አንዱ ካንዱ በላይ ሆኖ አብሮ እንዲወርድ።»

ተረጎምኩ። ዶክተር ኢህሳን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ደገምኩት።

«እንግዲህ ከመጀመሪያውም ቀጥ ያለ አልነበረም» አሉ ቀስ ብለው። «ያነሣሁት የወረደውን ብቻ አይደለም። ሲነቀስ የነበረውንም ነው።»

እናቴ እንደዚሁ ያለ ንቅሳት አላት። ስታጎነብስም ስትተኛም አይቼዋለሁ። ድሪዋ ግን ሲመጡ መንገድ ላይ በማሽላ ስለተለወጠ ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት አልታደልኩም፤ ንቅሳቱ የምን ቅርጽ እንደተከተለ የሚነግር ነገር ቤታችን አልነበረም። ዶክተሯ ለምን ቀድማ እንዳልነገረቻቸው እንድጠይቃት ፈለጉ፤ ወዲያው ደግሞ «ተይው» አሉኝ። እኔ ጠይቄ ነበር።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች እትዬ አንጓች። ቁጣ አልነበረበትም።

«ማንም አልጠየቃትም» አሉ ዶክተር ኢህሳን ስተረጉምላቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው በያት፤ ከቁስሉም ከሷም አይደለም።» ከዚያ የሚቻለውን ዘረዘሩ። ጊዜ ሲያልፍ ቆዳው ራሱ ትንሽ ይላላል። ጠባሳውን እንደገና ቆርጦ ማጥበብ ይቻላል። የመስመሮቹ ጫፍ ግን ከጆሮዋ ጀርባ ከተቆረጠው ቆዳ ጋር ሄዷል፤ እሱ አይመለስም።

«ቢላ ይበቃኛል» አለች። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ዞራ፣ ክርስትናውን ትታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ በኋላ በገዳሪፍ ሙቀት አንገቷን ጠምጥማ ነበር የምትሸጠው። አንድ ቀን ለቤት በርበሬ ልገዛ ሄጄ ነገረችኝ። «ጉሮሮሽን አመመሽ ወይ ይሉኛል። ድሮ አይዞሽ ነበር፤ አሁን ይማርሽ ሆነ። ፊቴን የሚያየው የለም፣ ሁሉም ጨርቁን ነው የሚያየው።» በርበሬውን ስትመዝን ጨመር አደረገችልኝ። ልከራከራት አሰብኩ፤ በምን እንደምጀምር አላወቅኩም።

ዶክተር ኢህሳን ሙሉውን መሥራት አቆሙ። ወቀሳውን ለማንም አላካፈሉም፣ ብዙም አላወሩበትም። አንድ አዲስ ሥርዓት ብቻ ጨመሩ፤ ማንኛዋም ሴት ለምርመራ ስትመጣ ሠርግ እንደምትሄድ ሆና ለብሳ፣ ጌጧን ሁሉ አድርጋ፣ ጸጉሯን ተሠርታ እንድትመጣ። የክሊኒኩ መቆያ ድግስ ቤት መሰለ። ከሐር ቶብና ከወርቅ አጠገብ በፋሻ የተጠቀለሉ ልጆች ተቀምጠው ሙሽራዋ የትኛዋ እንደሆነች ይጠይቁናል።

እትዬ ደብሬ ከዶካ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ዶካ ላይ ለቀን ሠራተኞች ምግብ ቤት ያላት፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ነች። በተነገራት መሠረት ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ድሪዋን አድርጋ፣ በጭነት መኪና ጋቢና መጣች። አንገቷ ላይ ሦስት መስመሮች አሉ፤ ከድሪው በላይ እኩል ወርደዋል። ሙሉውን እንደምትፈልግ በሩ ላይ ሆና ተናገረች።

ዶክተር ኢህሳን አንገቷን እንደማይነኩ ነገሯት። ለምን እንደሆነም ነገሯት። እትዬ ደብሬ አልተቀበለችም። አስረዳኋት፤ የሰማችኝ አልመሰለኝም።

«ልጄ፣ አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ፣ ግን ድምፅሽ የወባ ነው» አለችኝ። «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።»

ዶክተሯ ወደኔ ዞሩ። «አንጓች ትመጣ ይመስልሻል?»

እንደማትመጣ ነበር የመሰለኝ። ቢሆንም ወደ ሱቋ ሄድኩ፤ ገዢዎች እስኪወጡ ቆሜ ጠበቅኩና ነገርኳት።

«አንገቴን ላሳያት?»

«አዎ።»

«ለማላውቃት ሴት?»

«አዎ።»

ባንኮኒውን በጨርቅ ጠረገች። ከጎኗ ያለውን የጨው ነጋዴ ሱቋን እንዲያይላት ነግራ ቀድማኝ ወጣች። በሪክሻ ሄድን።

ክፍሉ ውስጥ ገብታ ለእትዬ ደብሬ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችም። ፊት ለፊቷ ቆማ ነጠላዋን ፈታችው። እትዬ ደብሬ ተነሥታ አየቻት። ቀጥ ያሉትን መስመሮች አየች፣ ከኋላ ዞራ ጠባሳውን አየች፣ በጣቷም ነካችው።

«ያማል?»

«አሁን አያምም። ቀና ብዬ ጣሪያ ማየት አልችልም እንጂ።»

«ጣሪያ ምን ያደርግልሻል?»

«ኮረሪማው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው።»

«ታችኛው ላይ አድርጊዋ።»

«ታችኛው ላይ አይጥ አለ።»

እትዬ ደብሬ ተመልሳ ወደ ፊት ዞረችና ፊቷን አየቻት። ይህን ረዘም አድርጋ አየችው። ከዚያ ወደኔ ዘወር አለች።

«በቃ፣ የሷን አድርጉልኝ።»

ለዶክተሯ ተረጎምኩ። እሳቸው ያልገባት መስሏቸው «ይህ ስሕተት የተሠራበት አንገት ነው በያት» አሉ።

«ነግረውኛል፣ አየሁትም» አለች እትዬ ደብሬ። «አንገቴን ተዉት። ፊቷን ነው የምለው።»

እትዬ አንጓች ነጠላዋን በእጇ እንደያዘች ቆማለች። «ፊቴን ምን አየሽበት?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ፤ ገና ዛሬ ነው ያየሁሽ።»

«ሐዘን ያለብኝ አልመስልም?»

«ማ? አንቺ?» አለች እትዬ ደብሬ። «እንዲያ በበሩ ስትገቢ ልትጣዪኝ የመጣሽ ነው የመሰለኝ። ተዘጋጅቼ ነበር።»

እትዬ አንጓች ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሙሉውን ምን ያደርግልሻል?» አለቻት። «አጭሩ ይበቃሻል።»

«አጭር ነገር አልወድም።»

«መንጋጋሽ ብቻ ነው እኮ የወረደው። እንደኔ አፍሽ አልወረደም።»

«አፌ እንዴት ይውረድ፤ ሲያወራ ይውላል።»

«እንግዲያው መካከለኛውን። ከዚያ በላይ ካሰብሽ ሞኝ ነሽ።»

«ሞኝ? ከዶካ በጭነት መኪና የመጣሁትን ሴት?»

ተራ በተራ መተርጎም አልቻልኩም፤ አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትጀምራለች። መቆያው ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። ዶክተር ኢህሳን ክዳኑን የከፈቱትን እስክሪብቶ እንደያዙ ወደኔ ጠጋ አሉ።

«ምን እየተባባሉ ነው?»

«እየተከራከሩ ነው» አልኩ።

«በምን?»

«በሁሉም።»

«ማን እየረታ ነው?»

ትንሽ አዳመጥኩ። እትዬ ደብሬ ወንበሯን ራሷ ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

«በይ እሺ፣ መካከለኛውን» እያለች ነበር። «የምቆረጥ ቀን ግን አንቺ አጠገቤ ትቀመጫለሽ።»

«ሱቄን ዘግቼ?»

«ዘግተሽ።»

«አልዘጋም።»

«ትዘጊያለሽ።»

«እትዬ አንጓች እየረታች ነው» አልኩ ለዶክተሯ።